የኢቶ ሚክሰር

ሞገር፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008

ለረቂያ አባት፣ ለሐዱ፤

ሰላምታዬ ከባሕር ማዶ ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ? ያሲንን ሳሉ ለቀቀው ወይ? አንተስ ያንን ሳልህን እየተጠነቀቅክ ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ወገቤ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። እንጆሪ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰህ የምትለቅመው ነገር ነው፤ ማታ ቀና ስትል ወገብህ የሌላ ሰው ይመስልሃል።

ስለ መኝታው ለጠየቅኸኝ፣ በአንድ ክፍል ስድስት ሴቶች ነን። አልጋዬ ከኸናታ አልጋ በላይ ነው። ኸናታ ከባሕሩ ጠረፍ የመጣች ሴት ናት፣ ለለቀማው ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ስለዚህ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ናት። ስለ ባሎች ደግሞ ከሁሉ በላይ ታውቃለች።

ለምን በስልክ አላወራሽኝም ብለህ ተቀይመሃል። የመንደሩ ስልክ መኪ ሱቅ ውስጥ መሆኑን ረሳኸው? ዱቄት ሊገዛ የመጣው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚጠብቀን። ባለፈው "ናፍቀኸኛል" ስልህ "እኔም" ብሎ የመለሰልኝ መኪ ነው። ስለዚህ እንጻፍ። ቡዓዛ ሚኒባሱን እየነዳ ባሕሩን ይመላለስበታል፤ ፍራሽና ብስክሌት ጣሪያው ላይ ሲጭን የእኛን ወረቀት ኪሱ ውስጥ ማድረግ አያቅተውም።

አሁን ወደ ነገራችን። "የኋለኛውን ክፍል ግድግዳ ጀምሬአለሁ፣ ሲሚንቶውን በአካፋ ማቡካት ስለመረረኝ የሰው ሚክሰር ተውሻለሁ" ብለሃል። ደስ ብሎኛል። "የሰው" ያልከው ግን የማን ነው? በመንደራችን ሲሚንቶ ማቡኪያ ያለው አንድ ቤት ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከአንተ አፍ ልስማው።

ሚስትህ ቱዳ


አይት ሙሳ፣ ማርች 3 ቀን 2008

ለቤቴ ምሰሶ፣ ለቱዳ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ የልጆቹም፣ የላሟም ሰላምታ ይድረስሽ። ያሲን ድኗል። እኔም ደኅና ነኝ።

ሚክሰሩ የኢቶ ነው፤ አላህ ይማረውና የግንበኛው የሙሉድ ሚስት የኢቶ። እንደምታውቂው መንደሩ ሁሉ የሚዋሰው እሱን ነው። "ለጥቂት ቀን" ብዬ ብጠይቃት "ውሰድ፣ አጥበህ መልስ እንጂ" አለችኝ። ለካስ እስከዛሬ ሲሚንቶ ማቡካት አላውቅም ነበር! እኔ ሆዱን እስከ አንገቱ ሞልቼ ላስነሳው ስል ሞተሩ አጓርቶ ቀጥ አለ። ኢቶ በአጥሩ ላይ አየችኝና "ሐዱ፣ አህያ እንኳ ተኝታ አትጫንም። መጀመሪያ ይዙር፤ እየዞረ ውሃውንና ጠጠሩን አጉርሰው፣ ሲሚንቶው ከዚያ በኋላ" አለች። እንዳለችው ሳደርግ እንደ ገንፎ ለስልሶ ወጣ። ወላሂ ቱዳ፣ ግንበኛው ሙሉድ ነው ሲሉን ኖሩ እንጂ ግንበኛዋስ ኢቶ ሳትሆን አትቀርም። ደብዳቤሽንም ከኪሴ ወጥቶ አይታው የእጅ ጽሑፍሽ በጣም ያምራል ብላለች።

ዝናብ ጀምሯል። ቢሆንም በጁን ስትመጪ የኋለኛው ክፍል ጣሪያ ለብሶ ይጠብቅሻል ኢንሻአላህ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእርሻው አለቃ ስሙ ማኖሎ ነው ብለሽኝ ነበር። ጥሩ ሰው ነውም ብለሻል። ምን ያህል ጥሩ ነው?

ባልሽ ሐዱ

እማዬ፣ እኔ ረቂያ ነኝ። ኢቶ ሙሰመን ቂጣ ጋግራ ማር ቀብታ ሰጠችን። ያሲን ሦስት በላ።


ሞገር፣ ማርች 11 ቀን 2008

ለሐዱ፤

ሰላም ላንተና ለልጆቼ።

ማኖሎ ጥርሱ የረገፈ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ እርሻው ላይ የሚደርስ ሽማግሌ ነው። ዝናብ ሲመጣ "ግቡ፣ ግቡ" ይለናል። ጥሩነቱ ይህን ያህል ነው። አሁን ተራው የእኔ ነው።

ኢቶ ደግ ሴት ናት፤ አላህ ይስጣት። ኩል እንደሚያምርባትም አውቃለሁ። ግን ደብዳቤህን ሳነብ የእኔ ስም ከላይ ለሰላምታ፣ ከታች ለስንብት ነው፤ መሐሉን ሁሉ ይዛው የተቀመጠችው እሷ ናት። በአጥሩ ላይ አየችኝ ትላለህ። አጥሩ ላይ ምን ትሠራለች? ኪስህ ውስጥ ያለውን ወረቀትስ በምን ዐይኗ አየችው? ልጆቼም ማር የቀመሱት ከእሷ እጅ ነው። እኔ እዚህ ለእነሱ ማር መግዣ ነው የምጎብጠው።

ኸናታ ስትሰማ ሳቀችብኝ። "ከመበለት ቤት ወንፊት እንኳ አይዋሱም። ወንፊቱ ይመለሳል፣ የወሰደው እግር ግን መንገዱን ይለምዳል" አለችኝ። እኔ አላመንኳትም። ግን እንቅልፍም አልወሰደኝ።

እሁድ ተነስቼ ከተማ ወጣሁ። ኤላዲዮ የሚባል ሽማግሌ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። በሩ ላይ ሦስት የኤሌክትሪክ ሚክሰሮች ቆመዋል። አንደኛዋ የሕፃን ገላ መታጠቢያ የምታህል ናት፣ ዋጋዋም ቀላል ነው። እሷን ስዳስስ ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ።

"ምን ልትሠሪ ነው?" አለኝ። የእሱን ቋንቋ በእጄም በአፌም ነው የምናገረው።

"ቤት። አንድ ክፍል። ከዚያ ሌላ ክፍል። በዓመት ትንሽ ትንሽ።"

"ይቺ ለአበባ መደብ ናት። ሰድር ለማጣበቅም ትሆናለች። ክፍል ልሥራባት ካልሽ ባልሽ ቀኑን ሙሉ ሲያጎርሳት ይውላል።"

"ባሌ ቀኑን ሙሉ በሥራ ቢጠመድ አልጠላም" አልኩት። አልገባውም እንጂ ይስቅ ነበር።

ትልቁ ደግሞ ለኮንትራክተር ነው፤ አራት ሰው ያነሳዋል፣ ሞተሩንም የቤት መስመር አይችለውም አለ። መካከለኛው ልቤን ወሰደው። ሆዱ መቶ አርባ ሊትር ይላል፤ ግን ሽማግሌው እውነተኛ ነው፣ "የተጻፈው ሲሞላ ነው፤ አንቺ ከዚያ ግማሹን ትንሽ አልፈሽ ነው የምትጭኚው፣ አለበለዚያ ይተፋዋል" አለኝ። ጎማ አለው፣ ሁለት ሰው ያነሳዋል።

የራሳችንን እንግዛ። ከዛሬ ጀምሮ ለብቻ አስቀምጣለሁ። ቆጣሪያችን ምን ያህል እንደሚሸከም፣ ከሶኬቱ እስከ አሸዋው ክምር ስንት ሜትር እንደሆነ ጻፍልኝ። የግድግዳውንም ፎቶ ላክልኝ። ጓደኞቼ ባሎቻቸው የላኩላቸውን ፎቶ አልጋቸው ራስጌ ለጥፈዋል፤ እኔ ዘንድ ባዶ ነው።

ቱዳ


አይት ሙሳ፣ ማርች 20 ቀን 2008

ለቱዳ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሁላችንም ደኅና ነን። አትናደጂ።

ሚክሰር መግዛቱ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን እናስብበት። በዓመት ሁለት ጊዜ ለምንነካው ነገር ያን ያህል ገንዘብ ምን አስወጣን? ከተገዛ ግን ትንሿን አትግዢ። ኢቶ እንዳለችው ሆዱን የሚያዞረውን ጥርስ ማየት ነው ዋናው ነገር። ጥርሱ ከስስ ቆርቆሮ ከሆነ በአንድ ክረምት ያልቃል፤ ወፍራም ቀልጦ የተሠራ ብረት ይሁን ብላለች። ጥርሱ ከአንድ ቁራጭ ነው ወይስ ከተለያዩ? ከተለያየ ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲሰበር አንዱን ትቀይሪያለሽ።

ከሶኬቱ እስከ አሸዋው ሩቅ ነው። የኢቶን በረዥም ቀጭን ገመድ ነው የማስነሳው። ሞተሩ ትንሽ ይሞቃል።

ፎቶውን ዝናቡ ሲያባራ አስነሳለሁ። የመኪ ልጅ ካሜራው ተበላሽቶበታል። ግድግዳው ደኅና ነው። እሱን ለእኔ ተይው።

ባልሽ ሐዱ


ሞገር፣ ማርች 30 ቀን 2008

ለአቶ ሐዱ፤

ሰላምታ ካጠፋሁ አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ሰላም ይሁንልህ።

"ኢቶ እንዳለችው።" "ብላለች።" "የኢቶን።" አንተ የምትለው ነገር የለህም? እኔ የማውቀው ሐዱ በሱቅ በር ላይ ስለ ዓለም ሁሉ ሲፈርድ የሚውል ሰው ነበር።

ትናንት መኪ ሱቅ ደወልኩ። አንተን አላገኘሁህም፤ ረቂያን አገኘኋት። ልጅ ናት፣ የጠየቋትን ትናገራለች። "አባዬ ኢቶ ቤት ነው" አለችኝ። "ምን ይሠራል?" አልኳት። "ይሠራል" አለችኝ። "ምሳስ?" "እዚያ ይበላል።" "ቤታችንስ አደገ?" ስላት "አባዬ እንዳትነግሪ ብሎኛል" ብላ ስልኩን ለመኪ ሰጠችው። መኪ ደግሞ፣ አላህ የእጁን ይስጠውና፣ "ሐዱ ጎበዝ ሠራተኛ ሆኗል፣ ከሲሚንቶ ነጽቶ አይገባም" አለኝና ሳቀ። ከኋላው ሌላ ሰውም ሲስቅ ሰማሁ።

ሲሚንቶ ከሆነ ሲሚንቶው የታለ? የእኔ ግድግዳ ካላደገ የማን ነው የሚያድገው?

እጄን ብታየው አታውቀውም። ጥፍሬ ሥር ቀይ ገብቶ አይለቅም። ሌሊት ልብሴን ስቀይር ከእኔ የሚሸተው እንጆሪ ነው፤ ሽቶ አይደለም። እዚያ ያለችው ግን ኩል ትኳላለች፣ ሙሰመን ትጋግራለች፣ በአጥር ላይ ትመክራለች። መቼም እኔ እንደሷ አጠገብህ ብቆም ኖሮ ምክር አይጠፋኝም ነበር።

ለኤላዲዮ ቀብድ ሰጥቻለሁ። መካከለኛውን ነው። ጥርሱንም አይቻለሁ፤ ወፍራም ብረት ነው፣ በአራት ቁራጭ የተገጠመ። ኢቶ ስላለች ሳይሆን እኔ ዐይን ስላለኝ። የእሷን ሚክሰር ዛሬውኑ አጥበህ መልስ። ምሳህንም ቤትህ ብላ።

እውነቱን ጻፍልኝ። ክፉም ቢሆን።

ቱዳ


ሞገር፣ ኤፕሪል 13 ቀን 2008

ለሐዱ፤

ቡዓዛ መጣ። ለኸናታ የወይራ ዘይት አመጣላት፤ ለሌሎቹም ፎቶና የሕፃን ካልሲ አመጣላቸው። ለእኔ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ባዶ ነው። "አልሰጠኝም" አለ። ደጋግሜ ብጠይቀውም መልሱ ያው ነው።

ካልጻፍክ አልጠይቅም። ልጆቹ ደኅና መሆናቸውን ብቻ በአንድ መስመር።

ቱዳ


አይት ሙሳ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2008

ለእህቴ ለቱዳ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ልጆችሽ ደኅና ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ ልበል። እኔ ኢቶ ነኝ። የምጽፍልሽ ሐዱ ሳያውቅ ነው። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ይቅር በይኝ። መስጊድ ውስጥ ማንበብ በተማርን ጊዜ አንቺ ከፊት ነበርሽ፣ እኔ ከኋላሽ። አንቺ ቶሎ ያዝሽው። እኔ ያንቺን ትከሻ ሳይ ነው ትምህርቱ ያለቀው።

ባልሽ ምላሱ ስለታሰረ እኔ ልንገርሽ። ግድግዳው ወድቋል።

የመጀመሪያዎቹን ረድፎች የሠራቸው ሚክሰሬን ሳይወስድ በፊት ነው፤ በአካፋ እያቡካ፣ ከወንዙ ዳር ባመጣው ጭቃ በበዛበት አሸዋ። ውሃም አብዝቶበታል። ከዚያ በላይ ያለውን በሚክሰር አሳምሮ ሠራው፤ ግን ከሥር የተበላሸ ነገር ከላይ ቢያምር ምን ይሆናል? "ዝናቡ ይለፍ" ብዬው ነበር። "ፎቶ ልልክላት ነው" አለኝ። በማርች አጋማሽ ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ፣ አንድ ቀን ጠዋት ተደረመሰ። አልሐምዱሊላህ ማንም አልተጎዳም። ሐዱ ዝናብ እየመታው ደጄ ላይ መጥቶ ቆመ። ምን ሆንክ ስለው "የሷ ወገብ ነው" ብቻ አለኝ።

ብሎኬቱ ግማሹ ተሰባብሯል። ሌላ ለመግዛት አንቺን መጠየቅ ሊኖርበት ነው። እኔ ዘንድ ደግሞ ሙሉድ የጀመረው አጥርና የከብቶች ቤት ወለል እንደቆመ ነው፤ እሱ የቆለለው ብሎኬትም ግቢዬ ውስጥ ሣር በቅሎበታል። "የእኔን ጨርስልኝና ብሎኬቱን ውሰድ" አልኩት። እየሠራ ያለው ይህንን ነው። ምሳ የሚበላው ግቢዬ ካለችው የበለስ ዛፍ ሥር ነው፤ አጠገቡ የሙሉድ እናት ተቀምጣ። ዐይኗ አያይም፣ ጆሮዋ ግን ከመኪ ስልክ ይበልጣል። ሰው መጠየቅ ከፈለግሽ እሷን ጠይቂ።

ከዚያ ሚክሰሬ ተቃጠለ። ያ ቀጭን ገመድ ነው ያቃጠለው፤ ረዥም ቀጭን ገመድ ሞተሩን ያስርበዋል፣ የተራበ ሞተር ደግሞ ይቃጠላል። ሐዱ ጭሱን ሲያይ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ካንቺ ግድግዳ ቀጥሎ የሟች ዕቃ አጠፋሁ ብሎ ነው እስከዛሬ እጁ ለመጻፍ ያልታዘዘው። ጠጋኙ ከከኒፍራ ከተማ መጥቶ አይቶት የሞተሩን ሽቦ ማደሱ ከአዲስ ዋጋ አያንስም ብሎኛል። ስለዚህ መካከለኛውን ግዢ። የመረጥሽው ልክ ነው። ገመዱን ግን ወፍራም አድርጊው፣ አጭርም ይሁን።

አሁን የራሴን ልንገርሽና ልጨርስ። እንደቀናሽብኝ አውቃለሁ። ሐዱ ደብዳቤሽ ሲመጣ "ስለ ሞተሩ ምን ልመልስላት?" እያለ በለሷ ሥር ያነብልኛል። ስለ እኔ የጻፍሽው ጋ ሲደርስ ያስላል። ሳሉ ከየት እንደሚመጣ አይጠፋኝም። ነገር ግን የቀናሽው አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። እኔ "ድገመው" የምለው ለሞተሩ ብዬ አይደለም። ሙሉድ ከዚህ መንደር ርቆ አያውቅም፤ ስለዚህ ለእኔ የጻፈው አንድ ቃል የለም። አሁን ድምፁ እየጠፋብኝ ነው። አንቺ ተናደሽ እንኳ ልጅሽን ስትጠይቂ፣ ሳልህን ተጠንቀቅ ስትይ፣ እኔ እቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አስበዋለሁ።

ከሙሉድ በኋላ በሬን የሚያንኳኳው ሚክሰር ፈላጊ ነበር። ሊወስድ ሲመጣ ሻይ ይጠጣል፣ ሲመልስ ሻይ ይጠጣል፤ የመንደሩን ወሬ የምሰማው በዚያ ነበር። ከተቃጠለ ወዲህ ማንም አልመጣም። ያንቺ ሲመጣ ወደ ግቢሽ ይሄዳሉ። እንዲያ መሆን አለበት፤ ዕቃው ያንቺ ነው። ግን አልቀናሁም ብልሽ ውሸት ይሆናል።

ኢቶ


ሞገር፣ ኤፕሪል 27 ቀን 2008

ለሐዱ፤

ሰላም ላንተ። ሁሉን ሰምቻለሁ። ከማን እንደሰማሁ አትጠይቀኝ፤ ብትጠይቅም ታውቀዋለህ።

ግድግዳው ወደቀ፤ ይውደቅ። ልጆቼ ከሥሩ አልነበሩም። ብሎኬት ተሰበረ፤ ይሰበር። በዚህ አላዘንኩብህም። ያዘንኩበትን ልንገርህ። ግድግዳችን የወደቀ ዕለት አንተ ሄደህ የቆምከው በሌላ ሴት በር ላይ ነው። ፊትህን በዚያ ጠዋት ያየችው እሷ ናት። እኔ "ግድግዳው ደኅና ነው" የሚል ወረቀት ብቻ ነው የደረሰኝ። ምሳውን ይቅርታ አድርጌልሃለሁ፣ በለሷንም ይቅርታ አድርጌልሃለሁ። የቀናሁት በዚህ ነው፤ ይህ ገና አልለቀቀኝም።

ኸናታ ምን አለችኝ መሰለህ? ደብዳቤውን አነበብኩላት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "የእኔው ባል ሁለት ዓመት ሙሉ ደኅና ነው ብሎ ጽፎልኝ፣ ስሄድ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሴት ነበረች። ያንቺስ ግድግዳ ነው የወደቀበት። ሂጂና ጻፊለት" አለችኝ።

ጽፌልሃለሁ። መልስ።

ቱዳ


አይት ሙሳ፣ ሜይ 5 ቀን 2008

ለቱዳዬ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህን ደብዳቤ ለማንም አላነበብኩም፣ ማንንም አልጠየቅኩም። ቃሉ ካላማረ የራሴ ስለሆነ ነው።

ለምን አልነገርከኝም ነው ጥያቄሽ። ልነግርሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር። አንድ ብሎኬት ባነሳሁ ቁጥር አንቺ የጎነበስሽው ይታየኛል። ብሎኬቱ ጭቃ ውስጥ ተዘርሮ ሳየው አንቺን የጣልኩሽ መሰለኝ። ወንዶቹ መኪ ሱቅ በር ላይ "ሚስቱ ትሠራለች፣ እሱ ያፈርሳል" ሲሉ ሰምቻለሁ። እነሱ ቢሉ ግድ የለኝም፤ አንቺም ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።

በእውነቱ እኔም ቀንቻለሁ። ማኖሎ ላይ አይደለም፤ ስለ ሆዱ ከጻፍሽልኝ በኋላ ሳስበው ያስቀኛል። የቀናሁት አንቺ ላይ ነው። ባሕር ተሻገርሽ፣ በማታውቂው ቋንቋ ከሽማግሌ ጋር ስለ ሞተር ተከራከርሽ። እኔ ከበራችን ሳልርቅ አንድ ግድግዳ ማቆም አቃተኝ።

አሁን መሠረቱን ከሥሩ አውጥቼ እንደገና እየሠራሁት ነው። አሸዋውን በጆንያ ከኮረብታው እያመጣሁ አጥበዋለሁ። ሚክሰር ስለሌለ በአካፋ ነው፤ ግን ውሃውን እየለካሁ። አራተኛ ረድፍ ደርሷል። ረቂያ እየሳለችው ነው፤ ፎቶ እስኪመጣ ሥዕሉን ለጥፊው።

የኢቶን አጥር ጨርሻለሁ። ስለ ሚክሰሯ ምን እንደምላት አላውቅም። "ተወው፣ አርጅቶ ነበር" ትላለች። ስትለው ግን ወደ እሱ አታይም።

ሐዱ


ሞገር፣ ሜይ 25 ቀን 2008

ለእህቴ ለኢቶ፤

ሰላምታዬ ለአንቺ፣ ለሙሉድም እናት ይድረስ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ብዙ ቆየ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው ስድብ ነበር፣ ሁለተኛው ይቅርታ። ሁለቱም እውነት አልመስል አሉኝ። ይሄኛው ስለ ሚክሰር ነው፤ ስለዚህ እጨርሰዋለሁ።

ዛሬ ገዛሁት። ኤላዲዮ ስሄድ "ባልሽ ተስማማ?" አለኝ።

"ባሌ አይደለም፣ አንዲት ሴት ናት የተስማማችው" አልኩት።

"ግንበኛ ናት?"

"ናት" አልኩት።

ሆዱን በእጄ አዙሬ አዳመጥኩት፤ አይንቋቋም። ሶኬት ላይ ሰክቶ አስነሳልኝ፤ ድምፁ እንደ ንብ ነው። ሞተሩ አምስት መቶ ሃምሳ ዋት ነው፣ የቤት መስመር ይሸከመዋል ብሏል። ጥርሱን ታውቂዋለሽ። ቀበቶው ቢበጠስ ከኒፍራም ይገኛል፣ ልኩን ከውስጥ ጽፎልኛል። አንድ ጎኑ ላይ ሲያወርዱት የተላጠ ቀለም አለ፤ ስለ እሱ ዋጋውን ቀነሰልኝ። ገመዱን እንዳልሽው ወፍራምና አጭር አድርጌ ለብቻ ገዝቻለሁ። አሸዋው ወደ ሶኬቱ ይምጣ እንጂ ሶኬቱ ወደ አሸዋው አይሄድም በዪው ለሐዱ።

ቡዓዛ ጣሪያው ላይ ሁለት ፍራሽ ደርቦ አስሮታል። በሰላም ከደረሰ፣ እንዲያወርደው የነገርኩት በአንቺ በር ላይ ነው። የእኔ ግቢ አይደለም። ሐዱ ለምን ካለ፣ የኋለኛው ክፍላችሁ ገና ጣሪያ የለውም፣ ዝናብ ሞተሩን ያበላሸዋል በዪው። ይህም እውነት ነው። አንቺ ግን ሌላውንም እውነት እወቂው። ያንቺ በረንዳ ላይ ይቁም። የመንደሩ ሰው እንደ ድሮው መጥቶ ያንኳኳ፣ ሻዩን ይጠጣ፣ ወሬውን ያውራ። አጥቦ ያልመለሰውን አንቺ ተቆጪልኝ። ከሚዋሰው ሰው ለቀበቶና ለቅባት የሚሆን ነገር ብትቀበዪ ቅር አይለኝም፤ ሙሉድ እንዴት ያደርግ እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ።

ቅናቴ አልቋል ብዬ አልዋሽሽም። ሌሊት ያቺ በለስ ትታየኛለች። ስለዚህ ሐዱ ሚክሰሩን ሊወስድ ሲመጣ ረቂያን አስከትሎ ይምጣ፤ ምሳም ከሆነ ረቂያም ትብላ። ይህን በማለቴ ከተቀየምሽ ተቀየሚ። አንቺ ብትሆኚ ኖሮም ትዪው ነበር።

ለቀማው በጁን መጀመሪያ ያልቃል። ስመጣ የኋለኛው ክፍል ጣሪያ በሲሚንቶ ይሞላል። ያን ቀን እኔና አንቺ እናቡካለን፤ ሐዱ የእጅ ጋሪ ይግፋ።

ሌላም አለ። ማኖሎ ለሚመጣው ዓመትም ስሜን ጽፏል። ከተጠራሁ እመለሳለሁ። ያን ጊዜ ለቡዓዛ ሁለት ፖስታ ነው የምሰጠው፤ አንዱ ላይ ያንቺ ስም ይጻፋል። የእኔን ደብዳቤ ከሐዱ አፍ መስማት አይኖርብሽም። ደግሞም ሐዱ ማንበብ አይችልበትም፤ ደህና ደህናው ጋ ሲደርስ ነው የሚያስለው።

ቱዳ